ለቀሩት 92ቱ ምን እንበላቸው?

ሰኔ ሲጋመስ በጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይሸኛሉ። ሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያውን ያወጣል፤ ተማሪዎቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት አሠርተው ጀርባው ላይ ይፈራረማሉ፤ ርእሰ መምህሩ ይናገራሉ፤ ከመምህራንም አንድ ሁለት ሰው ይመክራል። ምክሩ ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጥም። በርቱ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቡ፣ ሐኪም ሁኑ፣ ኢንጂነር ሁኑ፣ ትምህርት ቤታችሁን አስጠሩ ይባላል።

የተለወጠው ውጤቱ ነው። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። ከመቶ ሲሰላ 3.3 ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ከአራቱ ዓመታት በተሻለው እንኳ ከ100 ተፈታኝ 92ቱ ግማሹን ነጥብ አላገኙም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው ምልልስ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ በመምህራን ዘንድ ሲነሣ ሲጣል የሚውለውን ሐሳብ በአራት ተናጋሪዎች አፍ ያስቀመጠ ነው። ተናጋሪዎቹም በስም ሳይሆን በሥራቸው ተጠርተዋል። የአንድ እያደገ ያለ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አሉ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት የታሪክ መምህር አሉ፤ ርእሰ መምህሩም የእሳቸው ተማሪ ነበሩ። የሒሳብ መምህርቷና ከደባርቅ በዝውውር የመጣው የፊዚክስ መምህርም አሉበት። የተሰበሰቡት የሽኝቱን ንግግር ለማዘጋጀት ነው።

ርእሰ መምህሩ የአምናውን ጽሑፍ ይዘው መጥተዋል። «አንድ ገጽ ተኩል ነው» አሉ። «ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለውጬ ባነበው ማንም አያውቅብኝም። ስለዚህ ዘንድሮ አብረን እንጻፈው ብዬ ነው የጠራኋችሁ።»

የሒሳብ መምህርቷ ወረቀቱን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ይኼ ንግግር ለስንቱ ተማሪ ነው የተጻፈው?»

«ለሁሉም ነዋ!»

«አይደለም። ‹በምትገቡበት ዩኒቨርሲቲ› ይላል። ‹በምትመረቁበት ሙያ› ይላል። የተጻፈው ለ8ቱ ነው። ለ92ቱ አንድም መስመር የለበትም።»

«ልጆቹ እኮ ለፈተና ሊቀመጡ ቀናት ነው የቀራቸው» አሉ ርእሰ መምህሩ። «ወላጅ በተሰበሰበበት ‹አብዛኞቻችሁ አታልፉም› ብዬ ተስፋ ላስቆርጥ?»

«ቁጥሩን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል፤ ውጤት በወጣ ቁጥር ቴሌግራም ላይ ያዩታል። ተስፋ የሚያስቆርጣቸው ሌላ ነው። ያለፈውን ልጅ ፎቶውን ለጥፈን እንኳን ደስ አለህ እንላለን። ያላለፈው ደግሞ ትራንስክሪፕት ሊያወጣ ይመጣና ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ተቀብሎ ይሄዳል። ‹አሁን ምን ልታደርግ አሰብህ?› ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም።»

የታሪክ መምህሩ ጣልቃ ገቡ። «በእኛም ጊዜ ማትሪክ የሚያልፈው ጥቂት ነበር። ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስተምሩን ሕንዶች ነበሩ፤ በሥራቸው ቀልድ አያውቁም፤ ያም ሆኖ ብዙው ይወድቅ ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ 12ኛን መጨረስ በራሱ እንጀራ ነበር። መምህራን ማሠልጠኛ ገብተህ በአንድ ዓመት አስተማሪ ትሆናለህ። ጤና ረዳት ትሆናለህ። መሥሪያ ቤቱም በጸሐፊነት፣ በመዝገብ ያዥነት ይቀጥርሃል። የዛሬን ልጅ የ12ኛ ክፍል ወረቀት ብቻውን የትም አያደርሰውም። እኛ የተመከርነውን ምክር ለእሱ ብንደግምለት አይጠቅመውም።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ‹ዩኒቨርሲቲ ባትገቡም ግድ የለም› ልንላቸው ነው? ይኼ እኮ ስንፍናን ማበረታታት ይሆናል።»

«እንደዚያ አልወጣኝም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወላጁ ሁሉ ልጄን ሐኪም አድርጎ ያስመርቅልኝ የሚለው ይኼ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በምን ተጀመረ?»

ርእሰ መምህሩ መልሱን ቢያውቁም ለመምህራቸው ተዉላቸው።

«በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነበር» ሲሉ ቀጠሉ የታሪክ መምህሩ። «ትንሽ ቀደም ብሎ ደንቢያ ላይ የተነሣው ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅቶ ነበር። ታዲያ ኮሌጁ ያሠለጠነው ሐኪም አይደለም። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነው። ሦስቱ በቡድን ሆነው እዚያው ደንቢያ፣ ቆላድባ ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ፤ በሽተኛ ያክማሉ፣ እናት ያዋልዳሉ፣ መጸዳጃ ያስቆፍራሉ። ሐኪም ማሠልጠን የተጀመረው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በጀርመን ከሚገኘው ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ለዚህች ከተማ ትልቅ ስም ያመጣላት ተቋም የተመሠረተው መካከለኛ ባለሙያ በማፍራት ነው። ይኼንን ለልጆቹም ለወላጆቻቸውም ንገሯቸው። ሙያ የያዘ ልጅ የወደቀ ልጅ አይባልም።»

እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ያዳምጥ የነበረው የፊዚክስ መምህር አሁን ተናገረ።

«እኔ ከምክሩ በፊት ስለምንመክረው ልጅ ልናገር» አለ። «ደባርቅ ሳስተምር ከገጠር ቀበሌ የሚመጡት ተማሪዎች ከተማ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት፤ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት። አንዱ ታሞ ልጠይቀው ሄድኩ። መሬቱ ላይ ሁለት ፍራሽ ተነጥፏል። ግድግዳው ላይ ሦስት ማዳበሪያ በሚስማር ተሰቅሏል፤ በየማዳበሪያው ላይ የባለቤቱ ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል። ከፍቼ ባየሁት ውስጥ በሶና ድርቆሽ ነበረበት። ቅዳሜ በእግሩ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፣ እሑድ ማታ ለሳምንት የሚበቃውን ስንቅ ተሸክሞ ይመለሳል። አዲሱን የፊዚክስ መጽሐፍ የሚያነቡት በስልክ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ለሦስቱም አንድ ነው። አንዱ ሲያነብ ሁለቱ ተራ ይጠብቃሉ።»

«ከተማውም ውስጥ መጽሐፉ ለሁሉም አልደረሰም» አለች የሒሳብ መምህርቷ።

«አዎ፣ ግን ዓመቶቹን ቁጠሯቸው። በ2017 የተፈተነው ልጅ በመጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ 7ኛ ክፍል ነበር። 9ኛ ክፍል ሊገባ ሲል የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ደረሰ፤ ጭና ላይ በሰላማዊ ሰዎች ላይ የደረሰውን ግድያ ሁላችንም እናውቃለን። የደባርቅ ትምህርት ቤቶች ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል የተፈናቀለ ሕዝብ ተጠልሎባቸው ነበር። 11ኛ ክፍል ሊገባ ሲል በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ተማሪም ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነ። ይኼ ልጅ 38 ከመቶ ቢያመጣ ‹ሰነፍ ነህ› ብዬ ልሸኘው አልችልም።»

ርእሰ መምህሩ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ነገር ግን አንድ ነገር ከንክኗቸዋል። «ሁሉን በጦርነትና በኮሮና ካሳበብን የእኛ ድርሻ የት ገባ?»

«እሱማ አለ» አለች የሒሳብ መምህርቷ። «በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ፤ ከተፈታኝ ትምህርት ቤቶች ከ10ሩ 4ቱ ማለት ነው። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ ባዶ አይወጣም ነበር። የእኛንም ‹እያደገ ነው› እንላለን። ያደገው የተማሪው ቁጥር ነው። ለአንድ ክፍል የተቀመጠው መለኪያ 40 ተማሪ ነው። በሁለት ፈረቃ እያስተማርኩ 60ም 70ም ልጅ የተቀመጠበት ክፍል ስገባ ግማሹን በስሙ ሳልጠራው ዓመቱ ያልቃል። በስሙ ጠርቼው የማላውቀውን ልጅ ምን ብዬ ልምከረው?»

«አዲሱ ፖሊሲ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን አንድ ደረጃ አድርጎታል» አሉ ርእሰ መምህሩ። «ትምህርት ለትውልድ በተባለው ንቅናቄም ሕዝቡ ገንዘቡን አዋጥቶ በየቦታው ክፍል እየሠራ ነው። ክፍል ሲጨመር ግን መምህሩ፣ ቤተ ሙከራውና ቤተ መጻሕፍቱ እኩል አልተጨመሩም። ይኼንን አልክድም።»

የታሪክ መምህሩ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «በሉ፣ ማዘኑ ይበቃል። እስክሪብቶ አውጡና ለእያንዳንዱ ልጅ የሚጠቅመውን እንጻፍ።»

ከሚያልፉት ተጀመረ። የሒሳብ መምህርቷ ለእነሱም ቢሆን የተለመደውን የእንኳን ደስ አላችሁ ቃል ብቻ መስጠት አልፈለገችም።

«ዩኒቨርሲቲ መግባት ጅምር ነው። መጨረሻው ላይ የመውጫ ፈተና አለ። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከተቀመጡት ከ150,000 የሚበልጡ ተፈታኞች ያለፉት 40 በመቶ ያህሉ ናቸው። ግቢ ከገባችሁ በኋላ ጠዋት የሚቀሰቅሳችሁ እናት፣ ስትቀሩ የሚጠራችሁ ዩኒት ሊደር የለም። ዲፓርትመንት የምትመርጡት በአብዛኛው በፍሬሽማን ውጤታችሁ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር ‹ግቢውን እስክለምደው› ብላችሁ አታባክኑት። ክረምቱን ደግሞ እንግሊዝኛ አንብቡ፤ በቀን አንድ ገጽ ይበቃል። የእኔ ተማሪዎች ስሌቱን አሳምረው እያወቁ ‹አት ሊስት› እና ‹አት ሞስት› ይምታታባቸውና የመብለጥና የማነሱን ምልክት ይገለብጡታል። ጥያቄው ከመሠራቱ በፊት ሲነበብ ነው ነጥቡ የሚሄደው።»

«ይኼንን እንዳለ ጻፊው» አሉ ርእሰ መምህሩ። «ቀጥሎ ለጥቂት ያመለጣቸው አሉ። ሬሜዲያል ለእነሱ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር የሚያወጣውን መቁረጫ ነጥብ ያገኙ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለወራት ተምረው ይፈተናሉ፤ ሲያልፉ አንደኛ ዓመት ይገባሉ። ይኼም ያልደረሰው በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ይችላል። ከገጠር የመጣው ልጅ የሚጎዳው ምዝገባው ተከፍቶ ሲዘጋ ሳይሰማ ስለሚቀር ነው። ያንን መከታተል የእኛ ሥራ ይሁን።»

«ሙያውስ?» አለ የፊዚክስ መምህሩ። «ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ እዚሁ ጎንደር ነው፤ መምህራን ትምህርት ኮሌጁም እዚሁ ነው። ልጆቹ ግን አንድ ቀን ገብተው አላዩትም። ወላጆችም ቴክኒክና ሙያ ሲባል ልጃቸው የተጣለ ይመስላቸዋል። ከሽኝቱ በፊት ወርክሾፑን ወስደን እናሳያቸው። ኤሌክትሪክ የሚዘረጋውን፣ ብረት የሚበይደውን፣ ሞተር የሚፈታውን ልጅ ያነጋግሩት። ሥልጠናው በደረጃ እንደሚያድግ፣ በብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ምዘና እንደሚረጋገጥ ከራሱ ከሠልጣኙ ይስሙ።»

«ድንጋይ ጠራቢውን እንዳትረሳ» አሉ የታሪክ መምህሩ። «ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንቡ የቆመው በድንጋይና በኖራ ነው፤ በሲሚንቶ ቢጠገን ይጎዳል። በየዘመኑ ዕድሳት ያስፈልገዋል፤ ለዕድሳቱም ኖራ ማቡካት የሚያውቅ፣ ድንጋይ መግጠም የሚችል እጅ ይፈለጋል። ታሪኩን እኔ በክፍል ውስጥ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ግንቡን የሚያቆየው ግን ያ ባለሙያ ነው።»

የፊዚክስ መምህሩ ከደባርቅ የሚያውቀውን ጨመረበት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ከሆነ ወዲህ በአካባቢው አስጎብኚ፣ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ጫኝ ሆኖ የሚተዳደር ብዙ ቤተሰብ አለ። ፓርኩ ለአደጋ ከተጋለጡ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ብዙ ሳይቆይ ኮሮናና ጦርነት ተከታትለው መጡና እንግዳው ቀረ።

«ያኔ ሌላ ሙያ በእጁ የነበረው ሰው ተረፈ» አለ። «ድንች የሚያመርተው፣ ስልክ የሚጠግነው፣ ሱቅ ያለው አልተራበም። በአስጎብኚነት ብቻ የኖረው ግን ዕቃውን ሸጠ። ስለዚህ ለደጋው ልጅ የምለው፣ ቋንቋ ተማር፣ አስጎብኚነቱንም ያዘው፣ አጠገቡ ግን ሁለተኛ ሥራ ይኑርህ ነው።»

የሒሳብ መምህርቷ ለሴቶቹ ለብቻ ጊዜ እንዲሰጣት ጠየቀች። «ውጤት ያልመጣላት ልጅ ቤት ስትቀመጥ ሽማግሌ ይላካል። የቤተሰብ ሕጉ ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል፤ የ12ኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ 18 ሞልቷታል፤ ስለዚህ ሕጉ ብቻውን አያስጥላትም። የሚያስጥላት ወላጇን የሚለምንላት ሰው ነው። ‹አንድ ዓመት ስጧት፤ ወይ ደግማ ትፈተን፣ ወይ ኮሌጅ ትመዝገብ፣ ከዚያ በኋላ እንነጋገር› የሚል። እናቷ ዘንድ ሄጄ እንዲህ የምለው እኔ ነኝ። ልጆቹ ስልኬን ይያዙ፤ ‹ቲቸር፣ ሊድሩኝ ነው› ብለው ለመደወል አይፈሩ።»

የታሪክ መምህሩም የያዙት ሐሳብ ነበር። «የሱዳን ድንበር ላይ ያለችውን መተማን አንርሳ። ውጤት የወጣ ሰሞን ደላላው ከእኛ ቀድሞ ነው ልጁን የሚያገኘው። በሱዳን አድርጎ ሊቢያ፣ ከሊቢያ ባሕር ይለዋል። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በጦርነት ላይ ናት። ለስደት ተበድሮ የሚከፍለው ገንዘብ እዚህ ለአንድ ሙያ ሥልጠናና ለመጀመሪያ ዕቃው እንደሚበቃው ቁጭ አድርገን እናስላለት። አትሂድ ማለት ብቻውን አይመልሰውም፤ ሒሳቡን ሲያየው ግን ያስባል።»

ጥቂት ዝም ተባባሉ። ከዚያ የፊዚክስ መምህሩ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ስለ ውጤቱ ቀን ራሱ እንጻፍ» አለ። «ልጁ ቁጥሩን በስልኩ የሚያየው ብቻውን ነው። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ያስተማረው ልጅ ምን ፊት ይዞ ቤት ይግባ? ‹ውጤት በወጣ ቀን ብቻችሁን አትሁኑ፤ ከጓደኛችሁ ጋር እዩት፤ ለእኛም ደውሉ› እንበላቸው። ለወላጆቹም በሽኝቱ ቀን ፊት ለፊት እንንገራቸው። በዚያ ማታ ለልጃችሁ ራት አቅርቡለት፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት፤ ስለ ቀጣዩ ነገ ይወራል።»

ርእሰ መምህሩ የተጻፈውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ጥሩ ነው። ግን ይኼ ሁሉ በአንድ ቀን ንግግር አያልቅም። በ15 ደቂቃ ብናነበው ከማጨብጨብ በቀር የሚያስታውሰው የለም።»

«እንከፋፈላቸው» አለች የሒሳብ መምህርቷ። «ለእያንዳንዱ መምህር 15 ተማሪ። ስማቸውን፣ የራሳቸውንና የወላጃቸውን ስልክ ይይዛል። ውጤት ሲወጣ ይደውላል። ከዚያ በመጀመሪያው ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ይከፈትና ያላለፉት ይመጣሉ። ከኮሌጆቹ አንድ አንድ ሰው ይጠራ። መዝገብ ቤቱም ትራንስክሪፕቱን የዚያኑ ቀን ያዘጋጅላቸው።»

«ያለ አበል? መምህሩ ኑሮው ከብዶት ባለበት?»

«እኔ በጡረታዬ እመጣለሁ» አሉ የታሪክ መምህሩ። «የእኔን 15ቱን ስጡኝ።»

«የእኔንም» አለ የፊዚክስ መምህሩ። «ደባርቅ ያሉትንም ባልደረቦቼን እነግራቸዋለሁ።»

ርእሰ መምህሩ የአምናውን ወረቀት አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። አዲሱ ንግግር ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ለሁሉም መልካም ዕድል ይመኛል፤ ውጤት ሲወጣ ማን ለማን እንደሚደውል፣ ትምህርት ቤቱ በየትኛው ቀን ክፍት እንደሚሆን ይናገራል፤ ቀሪው ምክር ለዚያ ቅዳሜ ይቆያል።

ይህን ለማድረግ አዲስ በጀት ወይም መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚጠይቀው የስም ዝርዝር፣ ስልክና የአንድ ቅዳሜ ጊዜ ነው። የፈተናው ውጤት በቅርብ ዓመታት የሚወጣው በአብዛኛው በዘመን መለወጫ ሰሞን በመሆኑ ለመዘጋጀት ክረምቱ በሙሉ አለ። በጎንደር፣ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ያላችሁ ርእሳነ መምህራን፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችሁን ስልክ ከሽኝቱ በፊት መዝግቡ፤ ውጤቱ በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜም በሩን ክፈቱላቸው።